ኬናን የጣለው አድማጭ አይደለም

ሰሞኑን ስለ ኬና ዘመድኩን የመጀመሪያ አልበም የተጻፈ ረዘም ያለ መጣጥፍ ብዙ አንባቢ አግኝቷል። ጸሐፊው አዲስ አበባ ተወልዶ አሜሪካ ያደገው ይህ ድምፃዊና የዜማ ደራሲ በ2003 ያወጣውን «ኒው ሴክረድ ካው» ከሃያ ዓመታት በኋላ መልሰው ለፍርድ አቅርበውታል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ፍርዳቸው ባጭሩ ይህ ነው፦ አልበሙ የወደቀው አድማጭ ሰምቶ ስላልወደደው ነው፤ የጥናት ቁጥሮችም ይህንኑ ያረጋግጣሉ፤ ሥራው ሮክ ሳይሆን የ1980ዎቹ የእንግሊዝ ባንዶች ግልባጭ ነው፤ ያለ ፕሮዲዩሰሩ ቻድ ሁጎ ኬና ባዶ ነው፤ ኢትዮጵያ በአልበሙ ውስጥ የለችም፤ ሰውዬውም ከዚያ ወዲህ ጠፍቷል። ስለዚህ «የእኛ ልጅ ተበደለ» እያልን ማለቃቀሱን እንተው ይላሉ።

ማለቃቀሱን በመተው እንኳ ብዙም አንጣላም፤ እኔንም ይሰለቸኛል። እዚያ ለመድረስ የሄዱበት መንገድ ግን አብዛኛው የተሳሳተ ነው። ግማሽ እውነት ያለበት ቦታም አለ፤ ስንደርስበት እሰጣቸዋለሁ።

«አድማጭ ሰምቶ ጣለው» ከሚለው ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ የተንጠለጠለው በዚህ ላይ ነውና። ማስረጃቸው አሜሪካ የሚሠራው ጋዜጠኛ ማልኮም ግላድዌል ስለ ቅጽበታዊ ፍርድ በ2005 ባሳተመው «ብሊንክ» መጽሐፍ ውስጥ ስለ ኬና ከጻፈው ምዕራፍ የተወሰዱ ቁጥሮች ናቸው። አንድ የሙዚቃ ጥናት ድርጅት የኬናን ዘፈኖች በዕድሜ፣ በጾታና በዘር ለተመረጡ 1,200 ሰዎች ላከ። ከሦስት ቀን በኋላ እየደወለ፣ ያገኛቸውን ያህል ሰዎች ከ0 እስከ 4 ነጥብ እንዲሰጡ ጠየቀ። ብዙ ተስፋ ከተጣለባቸው ዘፈኖች አንዱ የሆነው «ፍሪታይም» ከሮክ ጣቢያ አድማጮች 1.3፣ በአብዛኛው የጥቁር አሜሪካውያንን ሙዚቃ ከሚያጫውቱት የአር ኤንድ ቢ ጣቢያዎች አድማጮች ደግሞ 0.8 አገኘ። በኢንተርኔት ነጥብ የሚያሰባስብ ሌላ ድርጅት ከቀረቡለት ዘፈኖች ሁለቱን መካከለኛ፣ ስምንቱን ከመካከለኛ በታች አደረጋቸው። ጸሐፊው 1.3ን ለ4 አካፍለው «ከመቶ 32፤ በየትኛውም ፈተና ወድቋል» ሲሉ ይሳለቃሉ።

ፈተናው ምንን ለመለካት እንደተዘጋጀ ግን አልነገሩንም። አልበሙን ገዝተው ቤታቸው ያዳመጡ ሰዎች ምን እንዳሉ ለማወቅ አልነበረም። ራዲዮ ጣቢያዎች ዘፈኖቹን ቢያጫውቱ ያዋጣቸው እንደሆነ ለመገመት ነበር። የአንደኛው ዘገባ መደምደሚያም በዚሁ ላይ ያረፈ ነው፦ ኬና የራሱ የሆነ ዋነኛ አድማጭ የለውም፤ በራዲዮ በሰፊው የመሰማት ዕድሉም ውስን ነው። ግምት ነው እንግዲህ። ግምቱን አንብቦ ዘፈኑ እንዳይሰማ የሚወስነው ደግሞ ያው ራዲዮ ነው፤ ዘፈኑ ካልተሰማ በኋላ ግምቱ ልክ ነበር ይባላል።

የአሜሪካን የንግድ ራዲዮ አሠራር ለማያውቅ አንባቢ ይህ ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። ጣቢያው የሚኖረው በማስታወቂያ ነው፤ አስተዋዋቂው የሚከፍለው ደግሞ በዕድሜ፣ በጾታና በዘር ተለይቶ ለታወቀ አድማጭ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ጣቢያ አንድ የሙዚቃ ዓይነት ይይዝና ከእርሱ ላለመውጣት ይጠነቀቃል፤ ለየት ያለ ዘፈን ሲመጣ ጣቢያ የሚቀይር አድማጭ ገንዘብ ይዞ ይሄዳልና። በ1996 የወጣው የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ ነገሩን አባባሰው። ከዚያ በፊት አንድ ኩባንያ በመላ አገሪቱ ከ40 በላይ ጣቢያዎች ሊኖሩት አይችልም ነበር። ሕጉ ያንን ገደብ ሲያነሳ ክሊር ቻነል የተባለው ኩባንያ ብቻውን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ1,000 በላይ ጣቢያዎችን ሰበሰበ። ቀድሞ በየከተማው የራሱን ጆሮ አምኖ ዘፈን ይመርጥ የነበረው ሰው ቦታ እየጠበበ፣ ምርጫው ጥቂት ሰዎች እጅ ገባ፤ እነርሱም የሚተማመኑት በስልክ ጥናት ነበር። የ«ኒው ሴክረድ ካው» ዕጣ የወደቀው በዚህ ዘመን ነው። በዚህ ላይ አልበሙ እጅ ለእጅ ተንከራትቷል፤ መጀመሪያ ኬናን ያስፈረመው የሮክ ባንዱ የሊምፕ ቢዝኪት ድምፃዊ የፍሬድ ደርስት ኩባንያ ሲሆን፣ በመጨረሻ በሰኔ 2003 ያወጣው ግን ኮሎምቢያ የተባለው የሙዚቃ ኩባንያ ነው። ሥራ ከቤት ወደ ቤት ሲዛወር ምን እንደሚደርስበት የኛም ሙዚቀኞች አሳምረው ያውቁታል።

ታዲያ አድማጭ መቼ ሰማና ጣለው? ማዕዱ ሳይቀርብለት «አልበላም አለ» ተብሎ እንደሚታማ እንግዳ ነው የተፈረደበት።

ማዕዱ በቀረበባቸው ጥቂት ቦታዎች የሆነውን ጸሐፊው ዘለውታል፤ ያውም ቁጥሮቹን ከወሰዱበት ከዚያው ምዕራፍ ውስጥ። ኬና አንዱን ቪዲዮውን ይዞ በራሱ እግር ወደ ሙዚቃ ቴሌቪዥኑ ኤም ቲቪ ሄደ፤ ጣቢያው በጥቂት ወራት ውስጥ 475 ጊዜ አሳየው። በዚያ ዘመን ብዙ ገንዘብ ያፈሰሱ ባንዶች አንድ ሁለት መቶ ጊዜ ከታየላቸው ዕድለኞች ነን ይሉ ነበር። ሎስ አንጀለስ በሚገኘው ሮክሲ አዳራሽ ደግሞ ትርኢቱን ያስተዋወቀው ዋዜማው ላይ በድረ ገጹ በለጠፈው አጭር ማስታወቂያ ብቻ ነበር። በማግስቱ አዳራሹ ሞልቶ ሰው ይመለስ ጀመር፤ ከፊት የቆሙት ዘፈኖቹን አንድ በአንድ አብረው ይዘፍኑ ነበር። በቪዲዮው የመጣውም ሆነ በሮክሲ የቆመው ሰው አድማጭ ካልሆነ ማን ነው አድማጭ?

እዚህ ላይ ለጸሐፊው አንድ ነገር ልተውላቸው። የኬና ወዳጆች ዘወትር የሚጠቅሱት የባለሙያዎቹ አድናቆት ለእኔ ብዙ አያረጋግጥም። የሙዚቃ ኩባንያው የአትላንቲክ ሪከርድስ የጊዜው ተባባሪ አለቃ ክሬግ ካልማን ሰምቶ ወዲያው አስጠራው፤ የአየርላንዱ ሮክ ባንድ የዩ ቱ የዚያን ጊዜ ሥራ አስኪያጅ ፖል ማክጊነስ አየርላንድ ድረስ ወሰደው፤ ጥሩ ነው። ባለሙያ የወደደው ሕዝብ ያልወደደው ስንት ሥራ አለ! ግላድዌልም ይህን ነጥብ ከሚገባው በላይ የለጠጠው ይመስለኛል። ባለሙያዎቹ በቅጽበት ልክ ነበሩ የሚለውን መደምደሚያ ለማስቀመጥ የሚያስችለው አልበሙ በሰፊው ተሰምቶ ቢሆን ኖሮ ነው፤ ያ ደግሞ አልሆነም። ስለዚህ ሁለቱንም ወገን እኩል እጠይቃለሁ፦ ያልተሰማ ነገር ተወደደም ተጠላም አይባልም።

ወደ ቁጥሮቹ ልመለስ። ጸሐፊው ምዕራፉን በጥሞና አንብበውት ቢሆን ኖሮ ቁጥሮቹ የተጠቀሱት እንዳይታመኑ መሆኑን ባዩ ነበር። እዚያው ምዕራፍ ውስጥ ስለ ኮካ ኮላ ታሪክ አለ። ኩባንያው አዲስ ቅመም በጉንጭታ አስቀምሶ ሰዎች መረጡለት፤ በ1985 ገበያ ላይ ሲያወጣው ግን ጠጪው ተቆጣ፤ በወራት ውስጥ አሮጌው ተመለሰ። ስለ አንድ የቢሮ ወንበርም አለ፤ ኤሮን ይባላል። በሙከራ ጊዜ መልኩን ያዩት ሁሉ አስቀያሚ ነው ብለው ዝቅተኛ ነጥብ ሰጡት፤ ኋላ ግን በኩባንያው ታሪክ በብዛት የተሸጠ ወንበር ሆነ። አንድ ሰው ያልለመደውን ነገር በመጀመሪያ ሲያገኘው «አልወደድኩትም» የሚለው ብዙ ጊዜ «አልገባኝም» ለማለት ነው፤ የነጥብ መስጫው ቅጽ ሁለቱን አይለይም። ኬና ደግሞ ሁለተኛ መደመጥ የሚፈልግ ሙዚቃ ነው የሠራው። በመጀመሪያው መደመጥ ድምፁ ያርቅሃል፤ በሦስተኛው ዜማው ይይዝሃል። ስልክ የሚደውለው ሰው ሦስተኛውን አይጠብቅም።

ጸሐፊው የሰጡን ቁጥር እርሳቸው ከፈለጉት ተቃራኒውንም ይናገራል። የሮክ አድማጮች 1.3፣ የአር ኤንድ ቢ አድማጮች 0.8 ሰጡ። ዝቅተኛም ቢሆን ዘፈኑን የተቀበለው ከሌላው ይልቅ የሮክ ጆሮ ነው። በቀጣዩ ገጽ «ይህ ሮክ አይደለም» ሲሉ ይህን ቁጥር ረስተውታል።

ሮክ ነው ወይስ አይደለም? ግማሽ እውነት አላቸው ያልኩት እዚህ ላይ ነው። ኬና ከማን እንደተማረ ተደብቆ አያውቅም። ቨርጂኒያ ቢች ውስጥ በስኬትቦርድ ሲጫወት ያደገ ልጅ ነው። የጎረቤቱ ልጅ ክፍል ግድግዳ ላይ ሰምቷቸው የማያውቃቸው ባንዶች ሥዕሎች ተለጥፈው ያያል፤ ያው ልጅ የዩ ቱን «ጆሹዋ ትሪ» ካሴት ይሰጠዋል፤ ካሴቱን እስኪበላሽ ድረስ ሰማው። በድምፁ የዩ ቱው ዘፋኝ ቦኖ አለ፤ በሲንተሳይዘሩ፣ ማለትም በኤሌክትሮኒክ ኪቦርዱ፣ የእንግሊዙ ባንድ ዲፔሽ ሞድ አለ። ጸሐፊው ይህን ለመስማት ጥሩ ጆሮ አላቸው፤ አልክድም። አልበሙ ውስጥ ከእነዚያ ባንዶች ብዙም የማይርቁ ዘፈኖች አሉ፤ ከመካከሉ በኋላ ደግሞ ይረዝማል። ሦስት አራት ዘፈን ቢቀነስለት የተሻለ ይሆን ነበር።

ግልባጭ ከተባለ ግን አንድ ነገር ይጎድላል፤ ከበሮው። በእነዚያ የእንግሊዝ ባንዶች ውስጥ የከበሮው ማሽን ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ኬና ጋ ግን ከሥር ያለው አመታት ቨርጂኒያ ውስጥ ከሂፕ ሆፕ ጋር ያደገ ነው፤ ይሰበራል፣ ይዘገያል፣ ድምፁ ሲያለቅስ እርሱ ይደንሳል። «ፍሪታይም»ን ያስጨነቀውም ያስፈነጠዘውም ይኸው ግጭት ነው። ይህን ሁለት ነገር አጣምሮ የሠራ የእንግሊዝ ባንድ ካለ ጸሐፊው ስሙን ይጥቀሱልኝና እኔም ልስማው።

ሌላም ያልመዘኑት ነገር አለ፤ ጊዜው። በ2001 ስትሮክስ የተባለው የኒው ዮርክ ባንድ የ1970ዎቹን የጊታር ሮክ መልሶ ሲያመጣ ተሃድሶ ተብሎ ተሞገሰ። በ2004፣ ማለትም ከኬና አልበም አንድ ዓመት በኋላ፣ ኪለርስ የተባሉት አሜሪካውያን «ሆት ፈስ» የተባለ አልበማቸውን አወጡ። ሲንተሳይዘሩም፣ የእንግሊዝን ቅላጼ የመሰለው አዘፋፈንም፣ የ1980ዎቹ ናፍቆትም ሳይቀር አለበት፤ በሚሊዮኖች ተሸጠ። ማንም «ግልባጭ» ብሎ ከሮክ አላስወጣቸውም። ታዲያ ያው ዕዳ በአንዱ ላይ ብቻ ለምን ይቆጠራል? መልሱን ለአንባቢ እተወዋለሁ፤ ፍንጭ ከፈለጉ ግን ለፈተናው ከተመረጡት ሁለት የአድማጭ ወገኖች አንዱ ለምን አር ኤንድ ቢ እንደሆነ ይጠይቁ። ነጭ ልጅ ሲንተሳይዘርና ጊታር ይዞ ቢመጣ ያን ዘፈን ለአር ኤንድ ቢ አድማጭ የሚልክ አጥኚ ይኖር ነበር ብዬ አላምንም።

ስለ ቻድ ሁጎ የተባለው ብዙ አያቆየንም። ሁጎ ከፋረል ዊሊያምስ ጋር ኔፕቹንስ የተባለው የፕሮዲዩሰሮች ጥምረት ግማሽ ነው፤ የቨርጂኒያ ቢች ልጅና የኬና የቆየ ወዳጅም ነው። በአልበሙ ላይ እጁ ትልቅ ነው። ነገር ግን ኔፕቹንስ በ2001 ከብሪትኒ ስፒርስ፣ በ2002 ከኔሊና ከጀስቲን ቲምበርሌክ ጋር ሠርተው ገበያውን የተቆጣጠሩበት ወቅት ነበር። ሁሉም ነገር የሁጎ ከሆነ፣ ያው እጅ ሌላ ቦታ ሲነካው ወርቅ የሆነው እዚህ ለምን አልሆነም? ጸሐፊው ውበቱን ለሁጎ፣ ውድቀቱን ለኬና ያካፍላሉ። ሒሳቡ አይመጣጠንም።

አሁን ወደ ከበደው ክስ፤ ኢትዮጵያ የለችበትም ወደሚለው። «ትዝታ የለ፣ ባቲ የለ፣ አምባሰል የለ፣ አንቺ ሆዬ የለ» ይላሉ። እውነት ነው፣ የሉም። ነገር ግን የአልበሙን ዘፈኖች ዝርዝር እንኳ እስከ መጨረሻው ያነበቡ አይመስለኝም። ከመካከላቸው የአንዱ ርዕስ «የኔ አበባ» ነው፤ በአማርኛ፣ በእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፎ፣ ኮሎምቢያ አሳትሞት። በ2003 በአሜሪካ ትልቅ ኩባንያ በኩል በወጣ የሮክ አልበም ጀርባ ላይ አማርኛ ያነበበ የስደተኛ ልጅ ምን እንደተሰማው መገመት አያቅትም። ጸሐፊው ይህን ዘፈን አንድም ቦታ አላነሱትም።

ርዕስ አንድ ነገር ነው፣ ሙዚቃው ሌላ ነው ሊሉ ይችላሉ። ይሁን። ግን ኬና ያደገበትን ቤት እንመልከት። አባቱ በካምብሪጅ የተማሩ የኢኮኖሚክስ ፕሮፌሰር ናቸው። ቤት ውስጥ የሚታየው ዜና ነው፤ ሙዚቃ ከተከፈተም የካንትሪ ዘፋኙ ኬኒ ሮጀርስ ነው፤ እርሱም ቁማርተኛው በሚመክርበት ዘፈኑ ትምህርት ስላለበት። ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ፤ የኛን ሰው ቤት ከዚህ የበለጠ የሚገልጽ ነገር አላውቅም። ልጁ ሳሎን ውስጥ የኑሮ ትምህርት ይሰማል፣ ጓሮ ወጥቶ ስኬትቦርድ ይጋልባል፣ ክፍሉ ገብቶ ዩ ቱን ይሰማል። ያ ልጅ አድጎ ባቲ ቢዘፍን የማንን ሕይወት ይዘፍን ነበር? ጃኖ ባንድ በ2012 «ኤርታሌ» የተባለ አልበሙን በአሜሪካዊው ቢል ላስዌል ፕሮዲዩሰርነት ሲያወጣ የኛን ቅኝት ከከባድ ጊታር ጋር አጋብቷል፤ እነርሱ የአዲስ አበባ ልጆች ናቸውና የራሳቸውን ነው ያደረጉት። ኬናም የራሱን አደረገ። በሬስቶራንት ግድግዳ ላይ እንደሚሰቀል መሶብ ሁለት የክራር ምት ጣል ቢያደርግበት ጸሐፊው ይረኩ ነበር፤ አልበሙ ግን ይዋሽ ነበር።

ከሙዚቃው ውጪም ቢሆን «አገሩን ረሳ» ለማለት ይከብዳል። አባቱ በልጅነታቸው ኢትዮጵያ ሳሉ በውኃ ወለድ በሽታ መያዛቸውን ሰምቶ ነው በጥር 2010 ተዋንያኑን ጄሲካ ቢልንና ኤሚል ሄርሽን፣ ራፐሩን ሉፔ ፊያስኮን የመሳሰሉ ሰዎች ይዞ ስለ ንጹሕ ውኃ ለመናገር ኪሊማንጃሮን የወጣው። ኤም ቲቪም ጉዞውን አሳይቶታል።

«ጠፋ» የሚለው በመጨረሻ ቀረ። በ2007 ሁለተኛ አልበሙን አወጣ፤ «ሜክ ሹር ዘይ ሲ ማይ ፌስ» ይባላል። ከዚያ አልበም የተወሰደው «ሴይ ጉድባይ ቱ ላቭ» በ2009 ለግራሚ ሽልማት ታጨ። የታጨበት ዘርፍ «አርባን/ኦልተርናቲቭ» ይባል ነበር። በሮክ ዘርፍ አይደለም፤ በፖፕም አይደለም፤ ለየትኛውም ሳጥን አልመች ያሉ ጥቁር ሙዚቀኞች በሚቀመጡበት ዘርፍ ነው። ያን ዓመት ከነበሩት አምስት ዕጩዎች አንዷ ጃኔል ሞኔ ነበረች፤ ሌላዋ ደግሞ እንደ ኬና አዲስ አበባ የተወለደችው ዋይና ነበረች። ሽልማቱን የወሰዱት ክሪሴት ሚሼልና ዊል አይ አም ናቸው። ሁለት አዲስ አበቤዎች በአንድ ዓመት በአንድ የግራሚ ዘርፍ የታጩበትን ጊዜ «ከዚያ ወዲህ ምንም አልተሰማም» ብሎ ማለፍ ጸሐፊው እንደሚሉት ማስረጃን መከተል አይደለም።

መጣጥፉን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከአልበሙ በስም የተጠቀሱት ዘፈኖች «ፍሪታይም» እና «ሄል ቤንት» ብቻ ናቸው፤ አንዱ ግላድዌል ቁጥሩን የጻፈለት፣ ሌላው የፊልም ሠሪው ማርክ ኦስቦርን ለኦስካር ከታጨው የሸክላ አኒሜሽን አጭር ፊልሙ በሠራው ቪዲዮ የታወቀ ነው። ስለ «ማን ፌዲንግ» አንድ ቃል የለም፤ ስለ «ሰንደይ አፍተር ዩ»ም እንዲሁ። ጸሐፊው ተመልሰው የሚጽፉ ከሆነ በእነዚህ ሁለቱና በ«የኔ አበባ» ላይ ያላቸውን አስተያየት ማንበብ እፈልጋለሁ፤ ቢጠሏቸውም ቅር አይለኝም።